አሌክሳንደር ቡላቶቪች፦ ከጎሬ ዝናብ እስከ ቱርካና አሸዋ

በምሩቃን መጽሔት ላይ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሌክሳንደር ክሳቬሪዬቪች ቡላቶቪች ሩሲያዊ መኮንን ነበር። በኢሉባቦር የቆየውም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሆኖም በመቱና በጎሬ ዙሪያ ተምሮ ወደ ሰመራ፣ ወደ ጎዴ፣ ወደ ጂንካ ወይም ወደ ያቤሎ ለሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ እሱ የሄደበትን መንገድ በሆነ መልኩ ይደግመዋል። ዝናብ የማያቋርጥበትን አገር አይቶ ዝናብ ወደማይገኝበት አገር ወረደ፤ ያየውንም ጻፈ። ከጻፈው ውስጥ ገሚሱ ዛሬም ያስተምራል፤ ገሚሱ ያሳዝናል። ሁለቱንም ማወቅ ይጠቅመናል። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቡላቶቪች በ1863 ዓ.ም. በሩሲያ፣ ኦርዮል በሚባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄኔራል ነበሩ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ዛሬ የዩክሬን ሱሚ ክልል ውስጥ በሚገኝ ሉትሲኮቭካ በተባለ የቤተሰቡ ርስት አሳደገቻቸው። ቦታው ሰፊ፣ አረንጓዴና እርጥበት ያለበት የእርሻ አገር ነው። ልጁ ፈረስ ይወድ ነበር፤ ጸሎትም ይወድ ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለዩትም።

በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የአሌክሳንደር ሊሲየም ተማረ። ትምህርት ቤቱ የመኳንንት ልጆችን ለመንግሥት ሥራ የሚያዘጋጅ፣ እጅግ የተከበረ ተቋም ነበር። እዚያ የተማረ ብዙውን ጊዜ ወደ ቢሮና ወደ ዲፕሎማሲ ሥራ ይሄዳል። ቡላቶቪች ግን እ.ኤ.አ. በ1891 እንደጨረሰ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ በሆነው የሁሳር ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ገባ። ጥሩ ፈረሰኛ ነበርና ስሙ ቶሎ ታወቀ።

በረሃው በአራት ቀን

የአድዋ ድል ዜና በ1888 ዓ.ም. ሩሲያ ሲደርስ ደስታው ትልቅ ሆነ። ሕዝቡም ቤተ ክህነቱም ኢትዮጵያን እንደ ሃይማኖት ወንድም ያያት ነበር። ቁስለኞችን የሚያክም የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በጄኔራል ሽቬዶቭ መሪነት ተዘጋጀ። ቡላቶቪች አብሮ ለመሄድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ከመነሳቱ በፊት የጥንት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቅ ከነበሩት ከፕሮፌሰር ቦሎቶቭ ዘንድ አማርኛ መማር ጀመረ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ወደ አገራችን ከመጡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በአስተርጓሚ ነበር የሚሠሩት።

ጣሊያን ቡድኑ በምፅዋ በኩል እንዳያልፍ ስለከለከለች በጅቡቲ መግባት ግድ ሆነ። ያኔ የምድር ባቡሩ ገና አልተሠራም፤ ድሬዳዋ የደረሰው ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከጅቡቲ እስከ ሐረር ያለው መንገድ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች አገር ነው። ጥቁር ድንጋይና እሾህ ይበዛበታል፤ የውኃ ጉድጓዶቹ እርስ በርስ የተራራቁ ናቸው። ለቡድኑ አጋሰስና ማረፊያ የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ሐረር መድረስ ነበረበትና ቡላቶቪች ተላከ። ወደ 370 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በግመል በሦስት ቀን ከ18 ሰዓት ጨረሰው። መንገዱን የለመዱት መልእክተኞች እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድባቸው ነበርና ወሬው ተዛመተ፤ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትም የፈረሰኛው ስም በዚህ ታወቀ።

ይሁን እንጂ በረሃው ወዲያው ሌላ ትምህርት ሰጠው። ከሐረር ወደ እንጦጦ በአፋር ምድር ሲያቋርጥ እሱና ጥቂት ጓደኞቹ ተዘረፉ፤ በቅሎና ስንቃቸውን አጥተው በበረሃው መሀል ቀሩ። ያዳናቸው ሊዮንትዬቭ የተባለው ሩሲያዊ ጀብደኛ እርዳታ ይዞ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ የተሳካው ፈረሰኛው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ግመሉም፣ መንገድ መሪዎቹም፣ የውኃ ጉድጓዶቹን ቦታ የሚያውቁትም የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው ጉዞ የአገሩ ሰው ተቃወመው፤ ያ ሁሉ ጉብዝናም አላዋጣም። በደረቅ አገር ሰው የሚኖረው በሰው ነው። ይህ እውነት በቡላቶቪች ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ወደ ኢሉባቦር

የቀይ መስቀሉ ቡድን ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ ቡላቶቪች ቀረ። በ1889 ዓ.ም. ከአጼ ምኒልክ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ምዕራብ ተነሣ። ሦስት ወር ገደማ በፈጀው ጉዞ በወለጋ አድርጎ ባሮን ተሻግሮ ወደ ጎሬ መጣ። ኢሉባቦርን በዓይኑ አይቶ በዝርዝር ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ እሱ ነው።

ጎሬ ያኔ የደጃዝማች ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። መቱ የአስተዳደር ማዕከል የሆነችው በጣም ዘግይቶ፣ በደርግ ዘመን ነው። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዓመት የሚዘንብባት ዝናብም ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለእኛ ይህ የተለመደ ነው። ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ሳይዝ በመቱ የተመረቀ ማን አለ? ለቡላቶቪች ግን ከጅቡቲ ድንጋይ በኋላ ሌላ ዓለም ነበር፦ ሳይታረስ ከጫካ የሚለቀም ቡና፣ በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በየሸለቆው ወንዝ።

በጉዞው ከጻፋቸው ነገሮች ውስጥ ዛሬም የሚጠቅመው ስለ ንግዱ ያየው ነው። ከጎሬ በስተምዕራብ በምትገኘው በቡሬ ደገኛውና የቆላው ሰው ይገናኙ ነበር። ከታች የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከላይ ቡናና ሌላ ሸቀጥ ይወርዳል። ማለትም ደጋውና ቆላው ተለያይተው የሚኖሩ ሁለት ዓለሞች አልነበሩም። ገበያ ያገናኛቸዋል። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ሲፈቀድና ጋምቤላ ስትቋቋም፣ የኢሉባቦር ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም መውረድ የጀመረው በዚሁ ነባር መንገድ ላይ ነው።

ቡላቶቪች የኦሮሞን ሕዝብ አኗኗርና የገዳን ሥርዓት በሚመለከትም ጽፏል። በአገሩ ላይ የተካሄደው የጦር ዘመቻ ያደረሰውንም ጥፋት አልሸሸገም። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ማለቁን መዝግቧል። ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ቢሆንም የምኒልክ አድናቂና የጦር ሰው የሆነ እንግዳ፣ ማንም ሳያስገድደው ይህን መጻፉ ክብደት አለው። የጉዞው ማስታወሻ ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ በሚል ርእስ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1897 በሴንት ፒተርስበርግ ታተመ።

ሁለት ጦር፣ ሁለት ቆላ

ያ ጊዜ አውሮፓውያን አፍሪካን የሚካፈሉበት ነበር። አጼ ምኒልክም እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀድሟቸው ወደ ጠረፍ ለመድረስ ቸኩለው ነበር። በ1890 ዓ.ም. በርካታ ጦር ከደጋ ወደ ቆላ ወረደ። ከጎሬ የተነሣው የደጃዝማች ተሰማ ጦር ነው። ባሮንና ሶባትን ተከትሎ በሰኔ ወር ነጭ ዓባይ ዳር ደረሰ። አብረው ፈረንሳውያኑ ፌቭርና ፖተር፣ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭም ነበሩ። ከአትላንቲክ በኩል ይመጣል የተባለውን የፈረንሳዩን ማርሻንን ግን አላገኙትም። ወባ ጦሩን እየጨረሰው ስለነበር ባንዲራ ተክለው ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው እነሱ ከሄዱ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ከጎሬ የወጣው ጦር በጥቂት ቀናት ልዩነት የዓለምን ፖለቲካ ሳይቀይር ቀረ።

ሌላው ጦር የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበር፤ ቡላቶቪች የዘመተው ከዚህኛው ጋር ነው። ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ያለበት ይህ ጦር የተነሣው ከከፋ ነው። ከፋ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ነፃነቷን ያጣችው ገና ከወራት በፊት ነበር። ቡላቶቪች በዚያ ሲያልፍ ያየው ሰው አልባ የሆነ መንደርና ያልተቀበረ አጥንት ነበር። ይህንንም ጽፎታል።

ጦሩ ተራራውን ጨርሶ በማጂ በኩል ወደ ኦሞ ሲወርድ አገሩ ተቀየረ። የማጂ ሰማይ ብርድና ጉም ነው፤ የቱርካና ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 360 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ላይ ተኝቷል። በጥቂት ቀናት ጉዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ወረዱ ማለት ነው። የደጋ ጦር የሚኖረው በእህል፣ በበቅሎና በአህያ ነው፤ ከመንደር መንደር እየቀማ ይመገባል። ደረቁ አገር ላይ ግን የሚቀማ ጎተራ የለም። የአርብቶ አደሩ ሀብት በእግሩ የሚሄድ ከብት ነው። ጦር መጣ ሲባል ከብቱን ነድቶ ይሰወራል፤ ወራሪው የሚያገኘው ባዶ ጎጆና የደረቀ የወንዝ አሸዋ ነው። ከአሸዋው በታች ውኃ የት እንዳለ የሚያውቀው የሄደው ሰው ነው።

ስለዚህ ጦሩ በውኃ ጥም፣ በወባና በተቅማጥ ተመታ። ሰው እየወደቀ ቀረ፤ አጋሰሱ አለቀ። መንገድ መሪ የሚሆኑት በግድ የተያዙ ምርኮኞች ነበሩ። በግድ የተያዘ ሰው ደግሞ ውኃ ያለበትን ይደብቃል፤ ማን ይፈርድበታል? ቡላቶቪች እየቀደመ መሬቱን ይቃኝ፣ በመሣሪያው ከፍታና አቅጣጫ ይለካ፣ ካርታ ይነድፍ ነበር። በበልግ ወራት ጦሩ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ደርሶ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ።

የኦሞ ጥያቄ

የጂኦግራፊ መምህሮቻችን ይህን ክፍል ይወዱታል። የኦሞ ወንዝ የት እንደሚገባ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በሶባት በኩል ከዓባይ ጋር ይገናኛል የሚሉ ነበሩ፤ ወደ ጁባ ወንዝ ይሄዳል የሚሉም ነበሩ። ሐይቁን አውሮፓውያን ያዩት በ1880 ዓ.ም. ነው። ካውንት ቴሌኪና ቮን ሆህነል ከደቡብ መጥተው በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት። ኦሞ ወደዚህ ሐይቅ እንደሚፈስ በዓይኑ ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። ቦቴጎ ግን ከዚያ ወደ ሰሜን ሲመለስ በመጋቢት 1889 በምዕራብ ወለጋ፣ ጊዳሚ አካባቢ ተገደለ። ቡላቶቪች ከዚያ አካባቢ የተመለሰው ብዙም ሳይቆይ በፊት ነበር። እሱ በሚቀጥለው ዓመት በከፋና በሐይቁ መካከል ባዶ የነበረውን የካርታ ክፍል ሞላ፤ ወደ ኦሞ የሚወርደውን ውኃ ወደ ሶባት ከሚወርደው የሚለየውን የተራራ ሰንሰለትም ነደፈ። ሰንሰለቱን በንጉሠ ነገሥቱ በዳግማዊ ኒኮላስ ስም ጠራው። ዛሬ በዚያ ስም የሚያውቀው የለም። ተራራው ከሱ በፊት ስም ነበረውና።

ለሥራው የሩሲያ ጂኦግራፊያዊ ማኅበር የብር ሜዳሊያ ሸለመው። ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር የሚለው ሁለተኛው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1900 ወጣ።

ከዚህ ሥራ የሚወጣው ቁም ነገር ከሜዳሊያው ይበልጣል። የቱርካና ሐይቅ ርዝመቱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዙሪያው እጅግ ደረቅ ነው፤ ውኃውም መውጫ የለውም። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውኃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው ኦሞ ነው። ኦሞ ደግሞ የጊቤና የጎጀብ ልጅ ነው። በጅማና በከፋ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው ያንን በረሃ የሚያጠጣው። ዳሰነችና ጎረቤቶቻቸው ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲሸሽ፣ በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ዝናቡን በራሳቸው ሰማይ አይጠብቁም፤ በሰው አገር የዘነበውን ዝናብ ከመሬት ያነሡታል። ጦሩ ባዶ ያለው አገር የተራቀቀ የውኃ አጠቃቀም ያለበት፣ የግጦሽ ወሰኑ በሰው ልብ ውስጥ የተጻፈ አገር ነበር።

በሐይቁ ዳር የተገኘው ልጅ

ቡላቶቪች በሐይቁ ዳር አንድ ሕፃን አገኘ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናል። በጦርነቱ ተሰልቦ፣ ቆስሎ ተጥሎ ነበር። ወላጆቹ ማን እንደሆኑ የሚናገር ሰው አልተገኘም። መኮንኑ አነሣው፤ ቁስሉን አጥቦ አሰረለት፤ ከራሱ ስንቅ መገበው። ሰው በጥም በሚወድቅበት ጉዞ ሕፃን ተሸክሞ መመለስ ቀላል አልነበረም። ልጁን ቫስካ አለው፤ ወደ ሩሲያም ወስዶ በቤተሰቡ መሀል አሳደገው።

ስለዚህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የመኮንኑ ደግነት ይጎላል። ደግ ነበር፤ አይካድም። ይሁንና ልጁን ያቆሰለው ቡላቶቪች ካርታ የሚነድፍለት፣ ድሉን ያከበረለት ጦር ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ፦ የወንዙን መታጠፊያ የሚለካ እጅና የሕፃን ቁስል የሚያጥብ እጅ። ቡላቶቪች ዘመቻውን አላወገዘም። የምኒልክ መስፋፋት ትክክል ነው ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን የዘመቻው ዋጋ ያረፈበትን አንድ ልጅ በእጁ ይዞ ተመልሷል። ቫስካ በሩሲያ አልደላውም። ልጆች ይቀልዱበት ነበርና በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የእሱን ታሪክ በእሱ አንደበት የመዘገበ የለም። በዚያ ዘመን ስለ ደረቁ ምድር ከተጻፈው ሁሉ የጎደለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የምድሩ ልጆች ድምፅ።

ከኮርቻ ወደ ገዳም

ቡላቶቪች ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ወደ ቤኒሻንጉል ተጉዟል። ከዚያም በቻይና በተነሣው የቦክሰሮች አመፅ ጊዜ በማንቹሪያ ተዋጋ። በጦሩ ውስጥ ከፍ ብሎ ሳለ በ1895 ዓ.ም. ሥራውን ለቀቀና መነነ። ሹመት፣ ዝናና ሜዳሊያ የነበረው ሰው የጥቁር ልብስ ለባሽ ሆነ። ጓደኞቹ ተደነቁ። አንዳንዱ በፍቅር ተጎድቶ ነው አለ፤ አንዳንዱ በማንቹሪያ ያየው ደም ነው አለ። በኋላ ወደ ግሪኩ የአቶስ ተራራ ሄዶ በቅዱስ እንድርያስ ገዳም አባ አንቶኒ ተባለ። የግብፅ በረሃ የመነኮሳት አባት የሆኑትን የቅዱስ እንጦንስን ስም መያዙ ነው። እኛ እንጦንስ የምንለው እነሱ አንቶኒ ይሉታል።

በ1903 ዓ.ም. መነኩሴ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ቫስካን ለማየት ነበር፤ ሩሲያዊ ገዳም ለመመሥረትም አስቦ ነበር። አጼ ምኒልክ በሽባነት አልጋ ይዘው ነበርና ጸበልና ሥዕለ ማርያም ይዞ ጸለየላቸው። ንጉሡ አልዳኑም፤ ገዳሙም አልተሳካም። የጎሬው ጌታ፣ በኋላ ራስ ቢትወደድና እንደራሴ የሆኑት ተሰማ ናደውም በዚያው ዓመት አረፉ። አብረውት ቆላውን ያዩ ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱ ነበር።

ወደ አቶስ ሲመለስ ስመ እግዚአብሔርን በተመለከተ በመነኮሳቱ መካከል ትልቅ ክርክር ተነሥቶ አገኘው። እሱ የእግዚአብሔር ስም ራሱ እግዚአብሔር ነው የሚሉትን ወገን ደግፎ መሪያቸው ሆነ። የሩሲያ ሲኖዶስ አስተምህሮውን አወገዘ። እ.ኤ.አ. በ1913 ከ800 በላይ መነኮሳት በሩሲያ መርከቦች ከተራራው እንዲለቁ ተደረገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቡላቶቪች ቄስ ሆኖ ዘመተ። ዓይኑ እየደከመ፣ አብዮቱ አገሩን እያመሰው ወደ ልጅነት ቀዬው ወደ ሉትሲኮቭካ ተመለሰ። በዚያ ብቸኛ ጎጆ ውስጥ ሲኖር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1919 ሌሊት ወንበዴዎች ገደሉት። ዕድሜው 49 ነበር። በጅቡቲ በረሃ፣ በኦሞ ቆላና በማንቹሪያ ያልሞተው ሰው ባደገበት መንደር ሞተ።

ከሞተ በኋላ ስሙ ተረሳ። ይባስ ብሎ ኢልፍና ፔትሮቭ የተባሉት የሶቪየት ቀልደኛ ደራሲዎች አሥራ ሁለቱ ወንበሮች በተባለው ልቦለዳቸው ውስጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ኋላ የመነነውን ፈረሰኛ መሳቂያ አደረጉት። መጽሐፉ እንደገና በሞስኮ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሪቻርድ ሰልትዘር ሁለቱንም የጉዞ መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድ ጥራዝ ከወጡ ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ሆኗል።

ለእኛ የሚቀረው

ባዶ መሬት የሚለው ቃል ከ1890 ዓ.ም. ጋር አልሞተም። በ1977 ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ኢሉባቦር ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ያኔ ደግሞ ባዶ የተባለው የእኛው ደን ነው። ደኑ ግን ባዶ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የቡና ጥላ፣ እያንዳንዱ የቀፎ ዛፍ ባለቤት ነበረው። ነዋሪው ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሰፋሪውም ብዙ ጊዜ ሳይፈቅድ የመጣ፣ ዝናቡና ወባው ያልለመደው ሰው ነበር። ከሁለቱ ወገን ማንም አልተጠየቀም። ዛሬ ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ይማራሉ፤ ከተመራቂዎቻችንም መካከል ይገኛሉ።

በኦሞም ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስት ግድብ ወንዙን ቀይሮታል። መብራት ያስፈልገናል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ግን የወንዙ ዓመታዊ ሙላት በግድብ ሲገደብ፣ ሙላቱ ሲሸሽ በደለል ላይ የሚዘራው ማሽላም ይነካል። የደጋ ሰው በወንዙ ራስ ላይ የሚወስነው ውሳኔ በረሃው ዳር ያለውን ማሳ ይወስናል። ቡላቶቪች ካርታውን ሲነድፍ ይህን ግንኙነት በመስመር አሳይቶናል፤ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው መጠየቅ ግን የኛ ዘመን ሥራ ነው።

ምሩቃኖቻችን ግብርና፣ ጤና፣ ምሕንድስና፣ መምህርነት ተምረው ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚይዙት መሣሪያ ቡላቶቪች ከያዘው እጅግ ይበልጣል። ከሳተላይት የተነሣ ካርታ አላቸው፤ የዝናብ ትንበያ አላቸው። በአሸዋው ስር ውኃው የት እንዳለ ግን ዛሬም አብሮት የኖረው አርብቶ አደር ይሻላል። ጉድጓድ ከመቆፈሩ፣ መስኖ ከመቀየሱ፣ ጤና ጣቢያ ከመተከሉ በፊት ከብቱ በየትኛው ወር በየት እንደሚያልፍ ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በቋንቋቸው ቢሆን ደግሞ የበለጠ። ቡላቶቪች ከመምጣቱ በፊት አማርኛ ተምሯል። በሐይቁ ዳር ግን አማርኛ የሚሰማው አላገኘም፤ ያነሣው ልጅ እናቱን በምን ቋንቋ ይጠራት እንደነበር እንኳ ጽፎ አልተወልንም።